መማሪያ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ፒር ሪቪው እንዴት እንደሚደረግ

ፒር ሪቪው ማለት የጻፉትን በሙያው እኩያ (ፒር) የሆነ ሰው እንዲገመግመው መስጠት ነው። መጀመሪያ የደረሰብኝን ልንገራችሁ፣ ከታች የምጽፈው ሁሉ የመጣው ከዛ ነው። በ2003 ዓ.ም. እዚሁ ሀዋሳ ለአፈር ለምነት ኮርስ ያዘጋጀሁትን መጽሐፍ ለማንም ሳላሳይ በራሴ ብር 300 ኮፒ አሳተምኩ። ሴሚስተሩ ጋመስ ሲል አንድ የኤክስቴንሽን ተማሪ፣ ስራው ዲኤ (ገበሬ የሚያማክር የግብርና ባለሙያ) ነው፣ ክላስ ካለቀ በኋላ ቀረና መጽሐፉን ገልጦ "ቲቸር፣ እዚህ ጋ 100 ኪሎ ዳፕ 46 ኪሎ ፎስፈረስ አለው ይላል፣ እኛ ስልጠና ላይ የተነገረን 20 ነው፣ የቱን ልያዝ?" አለኝ።

ልክ እሱ ነበር። ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ያለው 46 የሚቆጥረው ፒቱኦፋይቭ የሚባለውን የፎስፈረስና የኦክስጅን ውህድ እንጂ ንጹህ ፎስፈረሱን አይደለም፣ ወደ ፎስፈረስ ለመቀየር በ0.44 ይባዛል፣ 20 ኪሎ ገደማ ይመጣል። እኔ ማባዛቱን ዘልዬዋለሁ። ከስሩ ያለው መልመጃ ደግሞ "ለአንድ ሄክታር 20 ኪሎ ፎስፈረስ ለመስጠት ስንት ዳፕ ያስፈልጋል?" ይላል፣ መልሱ 100 ኪሎ መሆን ሲገባው እኔ 43.5 ብዬ አትሜዋለሁ። ይሄን ይዞ የተመረቀ ልጅ ገበሬውን የሚመክረው ማዳበሪያውን ከግማሽ በታች አድርጎ ነው። ኮርሱን የሚያስተምር ሌላ ሰው አንድ ከሰአት ቢያነበው ይያዝ የነበረ ስህተት ነው።

ስለዚህ መጽሐፍ የጻፋችሁ መምህራን፣ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ።

1. ረቂቁን ጨርሱና እጃችሁን ከሱ ላይ አንሱ። ገምጋሚ እያነበበ እናንተ ከስር እየቀየራችሁ ከሆነ ኮሜንቱ ከገጹ ጋር አይገናኝም። የገጽ ቁጥርና የመስመር ቁጥር አስገቡ፣ ወርድ ላይ ቀላል ነው።

2. ሶስት ሰው ፈልጉ። አንዱ የሙያው ሰው ሆኖ እናንተን በቅርብ የማያውቅ፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ያለ ቢሆን ይመረጣል፣ አዳማም ጅማም ሀረማያም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ያንኑ ኮርስ በየአመቱ የሚያስተምር ሰው፣ ማእረጉ ትንሽ ቢሆንም ችግር የለውም፣ ተማሪ የት ጋ እንደሚደናገር ከፕሮፌሰሩ በላይ ያውቃል። የጆርናል ጽሑፍ ሲገመገም አንዱ ዋና ጥያቄ አዲስ ግኝት አለው ወይ የሚለው ነው፣ የመማሪያ መጽሐፍ ላይ ግን ልክ ነው ወይ፣ ቅደም ተከተሉ ይገባል ወይ፣ ለሁለተኛ አመት ተማሪ ይመጥናል ወይ ነው የሚጠየቀው፣ ይሄን የሚመልሰው አስተማሪ ነው። ሶስተኛው ኮርሱን አልፎ የወጣ ተማሪ ነው። እሱ በደንቡ ፒር አይባልም ግን እኔን ያረመኝ ተማሪ ስለሆነ አልተወውም።

3. አሁን ከባዱ ጋ ደረስን፣ እውነተኛ ኮሜንት ማግኘት። እኛ ጋ ትልቁ ችግር ይሉኝታ ነው። ለሁለተኛው እትም መጀመሪያ የሰጠሁት ለቅርብ ጓደኛዬ ነበር፣ ከሶስት ሳምንት በኋላ ሀይቅ ዳር ቡና እየጠጣን "በጣም ግሩም ስራ ነው፣ በርታልን" ብሎ መለሰልኝ። ወረቀቱን ስገልጠው አንድ የብእር ምልክት የለበትም። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ፊት ለፊት "ይሄ ስህተት ነው" ማለት ከበደው፣ እኔም የጠየቅኩት "እስቲ እየው" ብዬ ነው። እስቲ እየው ከተባለ ሰው ማየት እንጂ መገምገም አይጠበቅም።

ሁለት ነገር ይሄን ይፈታዋል። አንደኛ ስማችሁን አውጡ። ከሽፋኑ ብቻ ሳይሆን ከመቅድሙም ከፋይሉ ፕሮፐርቲም አጥፉት፣ ወርድ የጸሐፊውን ስም ውስጥ ይይዛል። ከዛ ለገምጋሚዎቹ የሚልክና ኮሜንቱን ስም ሳይጠቅስ ለእናንተ የሚሰጥ አንድ ታማኝ ሰው መሀል አስገቡ፣ ዲፓርትመንታችሁ ውስጥ አይጠፋም። ሰው ማን እንደጻፈው ሳያውቅ፣ የእሱም ስም እንደማይወጣ ሲያውቅ እጁ ይፈታል። ትንሽ ሙያ ላይ ሁሉም ስለሚተዋወቅ አንዳንዴ ይገምታሉ፣ ቢሆንም ለውጡ ትልቅ ነው።

ሁለተኛ ጥያቄ ጽፋችሁ ስጡ። "አስተያየት ካለዎት" የሚል ደብዳቤ ምንም አያመጣም። እኔ አሁን የምልከው እንዲህ ነው፦ ምእራፍ 4 ያሉትን መልመጃዎች በእጅዎ ሰርተው መልሱን ከገጹ ጋር ያመሳክሩልኝ፤ ጊዜ ያለፈበት ነገር ካለ ገጹን ይጻፉልኝ፤ ተማሪ የሚስተው ይመስልዎታል የሚሉትን ሶስት ቦታ ያስምሩልኝ። "ሶስት ቦታ" ሲባል ሰው ይፈልጋል፣ እንከን ማውጣቱ ራሱ የተሰጠው ስራ ስለሆነ አያፍርም። በዚህ መንገድ አንዱ ገምጋሚ ምሳሌዎቼ ሁሉ ዳፕ ላይ እንደቀሩ፣ በዛን ጊዜ ገበሬው እጅ የነበረው ግን ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ እንደሆነ ጻፈልኝ። 100 ኪሎው ውስጥ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፒቱኦፋይቭ፣ 7 ሰልፈር ነው፣ ፎስፈረሱ ተሰልቶ 16.6 ኪሎ ገደማ ይመጣል፣ ምእራፉን እንደገና ሰራሁት።

በቴሌግራም ምእራፍ በምእራፍ እየቆራረጡ መላክ አልወድም፣ ስልክ ላይ ቀመር አይነበብም። ቀኝ ህዳጉን ሰፋ አድርጋችሁ ኤፎር ላይ አትሙና ጠርዙት፣ ብሩ አይቆጫችሁም። ስድስት ሳምንት ስጡ፣ ፈተና የሚታረምበት ወር ላይ አትስጡ። አቅም ካላችሁ ክፈሉ፣ ካልሆነም የእሱን ረቂቅ በተራችሁ አንብቡለት።

4. ኮሜንቱ ሲመጣ ይከፋችኋል። አንስታይንም በ1936 እ.ኤ.አ. ፊዚካል ሪቪው ጽሑፉን ለገምጋሚ ስለሰጠበት ተቆጥቶ አስወጥቶት ነበር፣ በኋላ ግን ገምጋሚው ያሳየው ስህተት እውነት ሆኖ ተገኝቶ አስተካክሎ ሌላ ጆርናል ላይ አወጣው። ሁለት ቀን አስቀምጡትና ሰንጠረዥ ስሩ፦ ኮሜንቱ፣ የወሰዳችሁት እርምጃ፣ ገጹ። የማትቀበሉትም ይኖራል፣ ግን ምክንያቱን ጻፉ። ምክንያቱን መጻፍ ካቃታችሁ ገምጋሚው ልክ ነው ማለት ነው።

5. ካረማችሁ በኋላ ሒሳቡን በሙሉ እንደገና ስሩ፣ እርማት ራሱ አዲስ ስህተት ይዞ ይገባል። ማተሚያ ቤቱንም ናሙና ሳታዩ እሺ አትበሉት፣ ፎንት ሲቀየር ከላይ የሚቀመጡ ትንንሽ ቁጥሮች ይወርዳሉ፣ አስር በሶስት ከፍ ያለው 103 ሆኖ ይወጣል። አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር)፣ ሽፋን ምናምን ከዚህ በኋላ ነው።

6. ታትሞም ስህተት ከተገኘ የማስተካከያ ወረቀት አሳትሙና ገጹ ላይ ለጥፉ። እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት አባዝቼ ላይብረሪ ያሉትንና እጄ ላይ የቀሩትን አንድ በአንድ ለጠፍኩ፣ ክፍል ያሉት ተማሪዎችም የየራሳቸውን አመጡልኝ። ተሽጦ ወደ ሌላ ከተማ የሄደውን ግን ልደርስበት አልቻልኩም፣ እዛ ያለው አሁንም 43.5 ነው የሚለው።