ከደሴ ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትኬቱ ላይ «ማክሰኞ 02:30» የሚል ሲያዩ ብዙዎች «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል» ብለው ያነቡና ማክሰኞ ማታ ሻንጣቸውን ይዘው ቦሌ ይደርሳሉ። አውሮፕላኑ ግን ሄዷል፤ የሄደውም ባለፈው ሌሊት ነው። በእኛ ልማድ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ በትኬቱ ግን ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ከ00:00 እስከ 05:59 የተጻፈ በረራ ሁሉ የዋዜማው ሌሊት በረራ ነው። ይህኛው ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ነውና ሰኞ ማታ 5 ሰዓት ተኩል ቦሌ መገኘት ይኖርብዎታል። እባክዎ ትኬቱን እንደያዙ በአማርኛ ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ ለሚሸኝዎትም ያንኑ ይንገሩ።

«ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ እይዛለሁ» ማለትም አያዋጣም። እስከ አዲስ አበባ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ሲና አጠገብ ጣርማ በር ተራራ ላይ ጭጋግ ከወረደ ወይም የጭነት መኪና ከተገለበጠ ቀኑ እዚያው ይመሻል። እሑድ ይውጡ። ከኮምቦልቻ የሚበሩ ከሆነ የአገር ውስጡንና የውጭውን በአንድ ትኬት ያስቆርጡ፤ ለየብቻ ከገዙ የመጀመሪያው ሲዘገይ የሁለተኛው ኪሳራ የእርስዎ ነው።

ስም። መሐመድ በላቲን ፊደል በ«ኦ»ም በ«ዩ»ም፣ በአንድም በሁለት «ኤም»ም ይጻፋል። ትኬቱ፣ ቪዛውና ቢጫ ካርዱ (የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃው) ከፓስፖርቱ ጋር በእያንዳንዱ ፊደል ይመሳሰሉ። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው፦ መስከረም 1 ቀን 1990 ሴፕቴምበር 11 ቀን 1997 እንጂ 1998 አይደለም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ 8።

ከሁሉ የከፋው የአደራ ዕቃ ነው። ወሎ ላይ «ይህችን ለእህቴ አድርስልኝ» ያለን ሰው መመለስ ነውር እንደሆነ እናውቃለን። ግን ሻንጣው በስምዎ ነው፤ ጉምሩክ የሚጠይቀውም እርስዎን ነው። ሽሮውንም በርበሬውንም ባለቤቱ ፊት ሰፌድ ላይ ገልብጠው በወንፊት ይንፉት፣ ከዚያ በራስዎ ፌስታል አሽገው ያስገቡ። ባለቤቱ ቅር ካለው ይተዉለት። ጫት፣ ደረቁም ቢሆን፣ በሳዑዲና በኤምሬትስ አደገኛ ዕፅ ነው፤ በእንግሊዝም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል። ትራማዶል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ያለ ሐኪም ወረቀት አይያዙ።

ለቤት ሠራተኝነት የምትሄድ እህት ደላላ «የቪዛና የትኬት» ብሎ ሲጠይቃት አትክፈል፤ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 የሁለቱም ወጪ የአሠሪው ነው። የውሉን፣ የፓስፖርቱንና የቪዛውን ፎቶ ለቤተሰብ ትተው ይሂዱ፤ የሁለት ሰው ስልክም በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ ስልክዎ ቢወሰድ ወይም ባትሪው ቢያልቅ የሚቀርዎት እሱ ነው።

ፓስፖርቱ ከጉዞው ቀን ጀምሮ ቢያንስ 6 ወር ይቅረው። የቢጫ ወባ ክትባት ከመሄድዎ 10 ቀን በፊት ይወሰድ። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ፣ ማርና ቅቤ በሚጫነው ሻንጣ።