ባትለር ሲቀጠር የሚሠሩ ስህተቶች

ባትለር የቤቱን አገልግሎት በኃላፊነት የሚመራ ሰው ነው። እንግዳ ይቀበላል፣ ገበታ ያሰናዳል፣ ሌሎቹን ሠራተኞች ያሰማራል፣ የከበሩ ዕቃዎችን ይጠብቃል። ዛሬ ሴቶችም የተሰማሩበት ሙያ ነው። ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው በቀጣሪው በኩል ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የማነሳቸው የቀጣሪዎችን ስህተቶች ነው።

ከሁሉ የከፋው ኃላፊነት ሰጥቶ ሥልጣን መንፈግ ነው። ባትለሩ ጠዋት ለስምንት ሰው ገበታ እንዲሰናዳ አዝዟል እንበል። ከሰዓት በኋላ እመቤቲቱ ወጥ ቤት ብቅ ብለው ለአንዷ ሠራተኛ “አሥራ ሁለት ነን” ብለው ይወጣሉ። ማታ ወንበር ሲጎድል የሚጠየቀው ግን እሱ ነው። ይህ ከተደጋገመ ሠራተኞቹ የማንን ቃል እንደሚሰሙ ግራ ይገባቸዋል፤ ጥቂት ቆይቶም ባትለሩ ያዘዘው ሁሉ “እስቲ እመቤትን እንጠይቅ” ይባልበታል። በሚመራቸው ሰዎች ፊት መቆጣትም ያው ነው። የተለወጠ ነገር ካለ ለእሱ ይነገር፤ ቅሬታም ካለ ለብቻው ተጠርቶ ይነገረው።

ሌላው ሥራውን ሳይወስኑ መቅጠር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በብሪታንያ ትልልቅ ቤቶች ክፍፍሉ ግልጽ ነበር። ባትለሩ በቤት ውስጥ የሚያገለግሉትን ወንዶች ይመራል፤ ሴቶቹ ሠራተኞች የራሳቸው አለቃ አለቻቸው፤ የጌታው ልብስና የግል ጉዳይ ቫሌት የሚባለው የግል አገልጋይ ነው የሚይዘው። ዛሬ ያን ያህል ሠራተኛ ያለው ቤት ጥቂት በመሆኑ አንድ ሰው ብዙ ሥራ ቢደርብ አያስገርምም። ጥፋቱ ከተቀጠረ በኋላ ሹፌርነቱን፣ ሞግዚትነቱን፣ ውሻ ማንሸራሸሩን አንድ በአንድ እየጨመሩ መሄድ ነው። የሚደረበው ሥራ ከመጀመሪያው በውሉ ይጻፍ፣ ደመወዙም በዚያው ልክ ይተመን።

ለታይታ የሚቀጥሩም አሉ። ብሪታንያ ከ1777 እስከ 1937 እ.ኤ.አ. ወንድ አገልጋይ በሚያሳድሩ ቤቶች ላይ ግብር ትጥል ስለነበር፣ ወንድ አሽከር ማሰለፍ ራሱ የሀብት ምልክት ነበር። ያ አመለካከት ዛሬም አልጠፋም። ቁመናና ነጭ ጓንት አይቶ ከመምረጥ ይልቅ፣ እንግዳ አንድ ሰዓት ቀድሞ ቢደርስ ወይም ቀይ ወይን ጠረጴዛ ልብስ ላይ ቢፈስ ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ ይሻላል።

ንብረትን ያለ ቆጠራ ማስረከብም ሁለቱንም ወገን ይጎዳል። በድሮዎቹ ቤቶች የብሩን ዕቃ የሚጠብቀውና የወይን ማከማቻውን ቁልፍ የሚይዘው ባትለሩ ነበር፤ እያንዳንዱ ጠርሙስ ሲገባና ሲወጣም በመዝገብ ይሰፍር ነበር። መዝገብ የሌለበት ቤት ከዓመት በኋላ አንድ የብር ማንኪያ ቢጠፋ፣ ባትለሩ ከመቀጠሩ በፊት የጠፋም ቢሆን ጥርጣሬው የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አብሮ ቆጥሮ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ሁለቱም ፈርመው ማስቀመጥ ብዙ ክፉ ቀን ያስቀራል።

ምስጢር ጠባቂነትን በተመለከተ ግን ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ባትለሩ ግዴታ ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ የቤቱን ጠብ ይሰማል፣ ማን እንደታመመ ያውቃል፣ የሚመጣውን ደብዳቤ ያያል፤ አፉን መዝጋት አለበት። ይሁን እንጂ ባል ሚስቱ የት እንደዋለች ቢጠይቀው፣ እናት የልጇን ክፍል ፈትሽልኝ ብትለው፣ ያ ሰው ከዚያ በኋላ በማን ይታመናል? የአንዱን ምስጢር ለሌላው እንዲያቀብል የተገደደ ሰው የቤቱን ምስጢር ወደ ውጭ ቢያወጣ መገረም አይገባም። በቤተሰቡ መካከል ያለውን ጉዳይ ቤተሰቡ ራሱ ይጨርሰው።

የመጨረሻው፣ እዚያው ስለሚያድር ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የቤት ሠራተኞች ኮንቬንሽን ቁጥር 189 በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ይደነግጋል። ይህን ያላጸደቀ አገር ውስጥ ያለ ቀጣሪም ቢሆን መለኪያ ሊያደርገው ይገባል። ዕረፍቱ እውነተኛ እንዲሆን በዚያ ቀን የሚተካው ሰው አስቀድሞ ይመደብ፣ ቁልፎቹ ተፈርሞባቸው ለተተኪው ይሰጡ፣ ለባትለሩም ስልክ አይደወል።