በአዲስ አበባ ዳርቻ የወፍ ፎቶግራፍ ልምምድ፦ ከጭልፊት ይጀምሩ

ረጅም ሌንስ በእጁ የገባ ጀማሪ ሐሳቡ ወዲያውኑ የሚሮጠው ወደ ባሌ ተራሮች ወይም ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ነው። ጉዞው መልካም ቢሆንም ለቴክኒክ ልምምድ አይመችም፤ ብርቅዬ ወፍ አንድ ጊዜ ታይቶ ስለሚሰወር፣ የተበላሸው ፎከሱ ይሁን የሻተር ፍጥነቱ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት የጊዜ ርዝመት) ለይቶ ለማረም ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። እጅና ዓይን የሚሠለጥኑት አንዱን እንቅስቃሴ ደጋግሞ በማንሳት ስለሆነ፣ ለልምምድ የሚሻለው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ በብዛት የሚገኘውና ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ወፍ ነው። የአዲስ አበባ ዳርቻ በዚህ ረገድ የታደለ ነው፤ የእንጦጦ ደን፣ የሱሉልታ ረግረጋማ ሜዳ፣ የገፈርሳና የለገዳዲ ግድቦች ሁሉም የግማሽ ቀን ጉዞ ናቸው።

ስለ መሣሪያው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሌንስ መቀያየር የሚያስችል ካሜራና እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዙም ሌንስ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሉ፤ አነስተኛ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ባለው ካሜራ ላይ ይኸው ሌንስ ከ450 እስከ 480 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ የሚሰጠውን እይታ ይሰጣል። ትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) ለሚበር ወፍ እምብዛም አይረዳም። በመኪና የሚሄድ ሰው ግን ሽንብራ የተሞላ የጨርቅ ከረጢት በመስኮቱ ጠርዝ ላይ አጋድሞ ሌንሱን ቢያሳርፍበት ከብዙ ውድ መደገፊያ የተሻለ ያገለግለዋል። ሞተሩን ማጥፋት ግን አይዘንጉ፤ ንዝረቱ ከረጢቱን አልፎ ሌንሱ ድረስ ይደርሳል።

ከመሣሪያ ይልቅ ሰዓት ይወስናል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ስለምትገኝ ፀሐይ ቀጥ ብላ ቶሎ ከፍ ትላለች፤ ለስለስ ያለው ብርሃን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ ቢበዛ እስከ 3 ሰዓት ቢቆይ ነው። ከዚያ በኋላ የወፉ ዓይን በራሱ ቅንድብ ጥላ ውስጥ ይገባል፤ ከሜዳው ላይ የሚነሣው የሙቀት ሞገድም በሩቅ ያለውን ነገር ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል። ረፋድ ላይ በሱሉልታ ሜዳ ራቅ ብሎ የቆመን ዝይ ያነሣ ሰው ፎቶው ለምን እንዳልጠራ ግራ ይገባውና ሌንሱን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የአየሩ ነው፣ ምንም ያህል ውድ ሌንስ ቢገዛም አያስተካክለውም። በወቅት ደረጃ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ያሉት ሳምንታት የሚመረጡ ናቸው፤ ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፣ ከአውሮፓና ከእስያ የአገሩን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎችም መግባት ጀምረዋል።

የመጀመሪያው ልምምድ በቆመ ወፍ ላይ ይሁን። በቤተ ክርስቲያን ጣሪያና በአጥር ላይ ከሚያርፉት ርግቦች አንዷን ይምረጡና በ1/1000 ሰከንድ ጥቂት ፎቶዎችን ያንሱ፤ ከዚያም ፍጥነቱን ወደ 1/500፣ ወደ 1/250 እና ወደ 1/125 እያወረዱ ይድገሙት። ቤት ገብተው በኮምፒውተር ላይ ሙሉ በሙሉ አጉልተው ሲመለከቱ የእጅዎ መንቀጥቀጥ ከየትኛው ፍጥነት ጀምሮ እንደሚታይ በግልጽ ያያሉ፤ ይህን ወሰን ማንም መጽሐፍ ሊነግርዎት አይችልም። የፎከስ ነጥቡ ምንጊዜም በዓይኗ ላይ ይረፍ። በ300 ሚሊ ሜትር ሌንስና በኤፍ 5.6 አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ አነስተኛ ሴንሰር ባለው ካሜራ፣ በ10 ሜትር ርቀት ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን በ5 ሜትር ግን ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ፊቷን ወደ እርስዎ ያዞረች ርግብ በቅርብ ስትነሣ ዓይኗ ጠርቶ ጅራቷ ቢደበዝዝ ምንም ስህተት የለም፤ ጅራቷ ጠርቶ ዓይኗ ከደበዘዘ ግን ፎቶው አይረባም።

ቀጥሎ ያለው ትምህርት የብርሃን ልኬት ነው። የካሜራው መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ስለሚሞክር፣ ምስሉን የሞላውን ነጭ ወፍ ያጠቁረዋል፣ ጥቁሩንም ያገረጣዋል፤ ወፉ አነስ ብሎ ዙሪያው ሲበዛ ግን መለኪያው የሚከተለው ዙሪያውን ነው። በከተማዋ ዙሪያ ባሉ የግጦሽ ሜዳዎች ከከብቶች እግር ሥር የማይጠፋው ነጭ ወፍና ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ መንቁረ ወፍራሙ የደጋ ቁራ ብዙ ጊዜ በአንድ ሜዳ ላይ ስለሚገኙ ለዚህ ልምምድ የተመቹ ናቸው። ነጩ ወፍ ጥቁር አፈር ላይ ቆሞ ከሆነ መለኪያው በአፈሩ ተታሎ ላባውን ያነጣዋልና በካሜራው ላይ ያለውን የብርሃን ማስተካከያ በአንድ ስቶፕ (ብርሃኑን በግማሽ የሚቀንስ ወይም በእጥፍ የሚጨምር እርምጃ) ይቀንሱ፤ ቁራው ከነጭ ደመና ፊት ለፊት ካረፈ ደግሞ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ ይጨምሩ። ሂስቶግራሙን (በካሜራው ስክሪን ላይ የጨለማውንና የብሩሁን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ) እየተመለከቱ ሁለቱን እያፈራረቁ ማንሳት፣ ከጥቂት ጠዋቶች በኋላ ጣት ራሱ ሳይታዘዝ ማስተካከያውን እንዲያዞር ያስለምዳል።

አሁን ወደ ዋናው ልምምድ፣ ወደሚበረው ወፍ፣ እንድረስ። ለዚህ የሉካንዳ ቤት ጭልፊት የሚያህል አሠልጣኝ የለም። ጅራቱ እንደ መቀስ የተሰነጠቀው፣ መንቁሩ ቢጫ የሆነው ይህ ጭልፊት በቡራዩም ሆነ በሰንዳፋ ከሉካንዳ በላይ ሲዞር ይውላል፤ ክንፉን ሳያርገበግብ በቀስታ ይሽከረከራል፣ ድንገት ይወረወራል፣ ከመሬት ላይ ቁራጭ ሥጋ በጥፍሩ ይነጥቅና ሳያርፍ እዚያው በአየር ላይ እያለ ጎንበስ ብሎ ይበላል። ቀላሉም ከባዱም በረራ በአንድ ቦታ ይገኛል ማለት ነው። ባለሉካንዳውን «ጋሼ፣ ጭልፊቶቹን ላነሳ ነው» ብሎ ማስፈቀድ ይገባል፤ ብዙውን ጊዜ ፈቃዱን ብቻ ሳይሆን ቅንጥብጣቢ የሚጣልበትን ሰዓትም ይነግራል። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በዐቢይ ጾም ብዙ ሉካንዳዎች ስለሚዘጉ ቀጠሮዎን ማክሰኞ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ያድርጉ።

አቋቋም ከሁሉ ይቀድማል። ፀሐይን በጀርባዎ ያድርጉ፤ ወፍ ሲያርፍም ሲነሣም ፊቱን ወደ ነፋሱ ስለሚያዞር ነፋሱም ከጀርባዎ የሚነፍስበት ጠዋት ቢገኝ ጭልፊቱ ፊቱ በርቶ ወደ እርስዎ ይመጣል። እግርዎን ከፈት አድርገው ይቁሙ፣ የግራ መዳፍዎ ሌንሱን ከሥር ይደግፍ፣ ክርኖችዎ ከጎንዎ ይጠጉ፣ መዞሩም ከወገብ ይሁን። ወፉን በዓይንዎ እንደተከተሉ፣ ዓይንዎን ሳይነቅሉ ካሜራውን ወደ ፊትዎ ያምጡ፤ ጀማሪ የሚቸገረው ካሜራውን ቀድሞ አንሥቶ በጠባቡ መስኮት ውስጥ ወፍ ስለሚፈልግ ነው። ፎከሱን ወደ ተከታታይ ዘዴ ያዙሩት፤ ይህም በካነን ካሜራ ኤአይ ሰርቮ፣ በኒኮንና በሶኒ ደግሞ ኤኤፍ-ሲ ይባላል። ሰማዩ ባዶ ሲሆን ሰፋ ያለ የፎከስ ክልል፣ ወፉ በዛፍ ፊት ሲያልፍ ደግሞ ጠበብ ያለውን ይጠቀሙ። ቁልፉን ተጭነው ከመያዝ ይልቅ አራት አምስት ፎቶ ብቻ አንሥተው ይልቀቁና ፎከሱን እንደገና ያስይዙ።

የብርሃን ልኬቱን በዚህ ጊዜ ለካሜራው መተው አይመከርም። ጭልፊቱ ከነጭ ሰማይ ወደ ጥቁር አረንጓዴው ባሕር ዛፍ ሲሻገር በእሱ ላይ የሚያርፈው ፀሐይ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከኋላው ያለው ነገር ነው። ካሜራው ግን ያንን እያየ በሰማዩ ፊት ወፉን ጥላ ብቻ ያደርገዋል፣ በዛፉ ፊት ደግሞ ያነጣዋል። ስለዚህ ሁሉንም በእጅ ይወስኑ፦ በጠራ ፀሐይ 1/2000 ሰከንድ፣ ኤፍ 8 እና አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት መጠን) 500 ጥሩ መነሻ ነው፤ ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ ከሆነ አይኤስኦውን ወደ 800 ወይም 1000 ከፍ ያድርጉ። የክንፉ ሥር ጨልሞ ከወጣ ትንሽ ይጨምሩ፤ ደመና ፀሐይዋን ሲጋርድ ካልሆነ በቀር ከዚያ በኋላ መነካካት አያስፈልግም።

በበረራው ከሠለጠኑ በኋላ ለውጥ ካማረዎት የራስ ክምር ብርቱካናማ አበባ ወዳለበት አጥር ይሂዱ፤ በተከዜ ወንዝ ስም ታካዜ ሰንበርድ የሚባለው ትንሽ ወፍ ማሩን ለመቅሰም እየተመላለሰ ይመጣል። ወንዱ ከጎን ሲታይ ጥቁር ይመስላል፤ ብርሃኑ ከፎቶ አንሺው ጀርባ መጥቶ ሲያርፍበት ግን ደረቱ ሐምራዊ ሆኖ ያበራል። እያሳደዱ ከመሮጥ ይልቅ አንድ አበባ መርጦ ፎከሱን አስቀድሞ እዚያ ላይ አድርጎ መጠበቅ ያዋጣል።

ገፈርሳና ለገዳዲ የከተማዋ የመጠጥ ውኃ ምንጮች ስለሆኑ ጥበቃ አላቸው፤ ረጅም ሌንስ ይዞ ከመውጣት በፊት ዘቡን ማናገርና ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው። በእርሻ መካከል ሲያልፉም ባለቤቱን «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ መስጠትና ቡቃያውን አለመርገጥ ተገቢ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ በገፈርሳና በሱሉልታ ይታያል፤ ሰማያዊው ላባ በደንብ የሚገለጠው ሲበር ስለሆነ፣ ሰዎች ድንጋይ ወርውረው ሲያስነሡት አይቻለሁ። ይህ ነውር ነው። ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ለጠበቀ ሰው ዝይው በራሱ ጊዜ ይነሣል፤ ጎጆ ላይ ያለ ወፍ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይጠጉት።

ማታ ፎቶዎቹን ከማጥፋት በፊት የተበላሹትን አጉልተው ይመርምሩ። ሁሉም ነገር በአንድ አቅጣጫ የተጎተተ ከመሰለ እጅዎ ተንቀሳቅሷልና ፍጥነቱን ይጨምሩ። ከወፉ ኋላ ያለው ሣር ጠርቶ ወፉ ከደበዘዘ ፎከሱ አምልጧል፤ ጠባብ ክልል ይጠቀሙ። ራሱ ጠርቶ የክንፉ ጫፍ ብቻ ከደበዘዘ ወደ 1/3200 ከፍ ማለት ይቻላል፣ ምንም እንኳ እንዲህ ያለው ፎቶ በረራውን ስለሚያሳይ እኔ ብዙ ጊዜ የማላጠፋው ቢሆንም። ከሦስቱ የበዛውን አንዱን ጥፋት በማስታወሻ ይጻፉና በሚቀጥለው ጠዋት ሌላውን ሁሉ ትተው በእሱ ላይ ብቻ ይሥሩ።