ራሙን ስታቲክ በላው? ቤት ውስጥ ለሚጠግኑ ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ ላፕቶፑ ተፈቶ ከተገጠመ በኋላ አልነሳ አለ

አቧራውን ጠረጋችሁ፣ ራሙን (የማሽኑን የማስታወሻ ካርድ) አውጥታችሁ መለሳችሁ። መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጭልም ብሏል። ቶሎ ብላችሁ በስታቲክ (ሰውነትና ዕቃ ላይ በሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ) አትፍረዱ። ብዙ ጊዜ ራሙ በደንብ ስላልገባ ነው። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን አላቅቁ፣ ራሙን "ቀጭ" እስኪል እንደገና አስገቡት። በሌላ ራም ከተነሳ ግን የድሮው ሞቷል። ያኔ ስታቲክን መጠርጠር ይቻላል።

ሰው ስታቲክ ሲነዝረው የሚሰማው ሰውነቱ ላይ ወደ 3,000 ቮልት ሲጠራቀም ነው። አንዳንድ ቺፕ ከ100 ቮልት በታችም ይጎዳል። ስለዚህ "ኧረ ምንም አልነዘረኝም" ማለት አያዋጣም። አየር ሲደርቅ ይብሳል። በጋ ላይ ማታ ሹራብ ሲወልቅ የሚንጣጣው እሱ ነው። ደግሞ የተጎዳ ቺፕ ወዲያው ላይሞት ይችላል። ሰንብቶ ማሽኑ በራሱ ጊዜ ጥፍት ማለት ይጀምራል።

መፍትሄ፦ ሹራቡ ይውለቅ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ላስቲክና ፎም ይነሳ። የስታቲክ የእጅ ማሰሪያ አጥልቁና ቆንጣጩን ቀለም ያልተቀባ የኬዙ ብረት ላይ ያዙት። ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ ይሁን። ሰውነታችሁና ማሽኑ እኩል ቮልት ላይ ከሆኑ በመካከላቸው የሚዘል ነገር የለም። ሽቦውን ሶኬት ቀዳዳ ውስጥ መክተት ግን በፍጹም!

ችግር፦ ዴስክቶፑ ሶኬት ላይ ሲሰካ ኬዙ ይነዝራል

ይሄ ስታቲክ አይደለም። ስታቲክ አንዴ ቀጭ ብሎ ያበቃል፤ ይሄ እጃችሁን እስክታነሱ ይነዝራል። አብዛኛውን ጊዜ ኤርዝ (ኬዙን ከመሬት የሚያገናኘው የመከላከያ ሽቦ) የለም ማለት ነው። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት የፊልተር ካፓሲተሮች ኬዙን የ220 ቮልቱ ግማሽ አካባቢ ላይ ያንጠለጥሉታል። ሶኬቱ የኤርዝ ብረት አለው ብላችሁ አትተማመኑ፤ ከጀርባው ሽቦ የሌለው ሞልቷል። ማከፋፈያውም ሁለት ሽቦ ብቻ ሊሆን ይችላል። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አስፈትሹ። የብየዳ ካውያም ኤርዝ ከሌለው ጫፉ ቮልት ሊኖረው ይችላል፣ ቺፑን በዚያ በኩል ታጡታላችሁ።

ችግር፦ ማሰሪያ ታስሮም ዕቃ ይሞታል

ከእጅጌ በላይ ታስሮ ይሆናል፤ ቆዳ መንካት አለበት። ወይ ሽቦው ውስጥ ውስጡን ተበጥሷል። በቴስተር ከማሰሪያው ብረት እስከ ቆንጣጩ ለኩት፤ 1 ሜጋኦም አካባቢ ማንበብ አለበት። ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። ዜሮ ካነበበ መከላከያው ሬዚስተር የለም፣ ጣሉት። ሽቦ አልባ የሚባለው ላይ ደግሞ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ለማስቀመጫ ብርማው ከረጢት ይሻላል፣ ዕቃው ውስጡ ገብቶ ይታሸግ። ሮዙ ላስቲክ ራሱ ስታቲክ አይፈጥርም እንጂ ከውጭ የሚመጣውን አያግድም። ፌስታል አይሆንም።

ክፍት ፓወር ሰፕላይ፣ የድሮ ቲቪ ወይም ማይክሮዌቭ ስትከፍቱ ማሰሪያውን አውልቁ። እዚያ ላይ የሚያሰጋው የእናንተ ሕይወት ነው።