ለጌጥ ስፌት የሚሆን የቆዳ ጠፍር አቆራረጥና የጠርዙ አላላጥ

በቦርሳ፣ በቀበቶ፣ በአገልግል ወይም በኮርቻ ጠርዝ ላይ የሚታየው የጠፍር ስፌት ማማሩም ሆነ መበላሸቱ የሚወሰነው ስፌቱ ሳይጀመር ነው። ወርዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሆነ፣ አስቀድሞ የተሳበ፣ ጠርዙም በሥርዓት የተላጠ ጠፍር የያዘ ሰው ቀላሉን ስፌት እንኳ ቢሰፋ ሥራው ተስተካክሎ ይተኛል፤ እነዚህ ሦስቱ የጎደሉበት ጠፍር ግን በተካነ እጅም ቢሰፋ አንድ ቦታ ላይ ይወፍራል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይሳሳል፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ይላላል። ይህ ጽሑፍ በደሴና በኮምቦልቻ ገበያ በሚገኝ ቆዳና መሣሪያ፣ 3 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው የጌጥ ጠፍር እንዴት ተቆርጦ፣ ተስቦና ተልጦ ለስፌት እንደሚደርስ ያስረዳል።

ቆዳው የፍየል ቢሆን ይመረጣል። በውጭ አገር ለዚህ ሥራ ቀዳሚው የካንጋሮ ቆዳ ነው፤ ምክንያቱም ውስጡ ያሉት ቃጫዎች ከገጹ ጋር ትይዩ ሆነው የተደረደሩ ስለሆኑ እጅግ ቀጭን ተደርጎ ቢቆረጥም ጥንካሬው አይከዳውም። እኛ ግን ሩቅ መመልከት አያስፈልገንም። ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኘው ባቲ በሰኞ ገበያዋ ብቻ ሳይሆን በፍየል ቆዳዋም በቆዳ ንግድ ውስጥ በስም የምትጠራ ናት፤ የባቲ ፍየል ቆዳ ወፈር ያለ፣ እንደ ልብ የሚተጣጠፍና የሥጋ ወገኑ፣ ማለትም ከሥጋው ጋር ተያይዞ የነበረው የውስጥ ፊቱ፣ ንጹሕ በመሆኑ ይፈለጋል። የደጋ በግ ቆዳ ለስላሳ ነው፤ ለጓንት የሚስተካከለው ጥቂት ነው፤ ለጠፍር ግን አልመክረውም። በበግ ቆዳ የላይኛው ገጽና የታችኛው ክፍል መካከል ስብ የነበረበት የሳሳ ሽፋን ስላለ፣ ቀጭን ጠፍር ሆኖ በተሳበ ጊዜ ሁለቱ ክፍሎች እንደ መላቀቅ ይላሉ።

ቆዳ ሲገዛ በመጀመሪያ የሚታየው እከክ ነው። እከክ ቅማልን በመሰሉ የቆዳ ላይ ተባዮች ምክንያት የሚመጣ ጉዳት ሲሆን፣ እንስሳው ፀጉር ለብሶ ሳለ አይታወቅም፤ ቆዳው ተነጭቶ ከለፋ በኋላ በገጹ ላይ እንደ ጥቃቅን ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ለትልቅ ቦርሳ ይህ የመልክ ጉድለት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ወርዱ 3 ሚሊ ሜትር በሆነ ጠፍር ላይ ግን አንዷ ነጥብ የወርዱን ሲሶ ልትይዝ ስለምትችል መበጠሻ ቦታ ትሆናለች። ስለዚህ ቆዳውን ገጹ ወደ ውጭ እንዲሆን በጣት ላይ እየጠመዘዙ፣ በደህና ብርሃን ማየት ይገባል። ቀጥሎ የሥጋ ወገኑ ይገለበጥና በገፈፋ ጊዜ ቢላዋ የነካው ቦታ መኖር አለመኖሩ ይታያል። ካልተበላሸው ክፍል ደግሞ ጀርባውና ዳሌው ለጠፍር ይቀመጣሉ፤ ሆዱ፣ ብብቱና አንገቱ ሲሳቡ ብዙ ስለሚለጠጡ ለሌላ ሥራ ይተዋሉ። ውፍረቱ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን በቂ ነው።

በዕፅዋት የለፋና ክሮም በሚባል የማዕድን ጨው የለፋ ቆዳ ጠባያቸው ይለያያል። በዕፅዋት የለፋው ጥቂት እርጥበት ሲያገኝ ቢላዋ ንጹሕ አድርጎ ይቆርጠዋል፣ ጠርዙም ጥርት ብሎ ይላጣል። በክሮም የለፋው ብዙ ይለጠጣል፣ ቢላዋውንም ይሸሸዋል፤ ስለዚህ በደረቁ፣ ይበልጥ በተሳለ ምላጭ መቆረጥ አለበት። የክሮም ቆዳ ከመግዛት በፊት ዳሩን ቆረጥ አድርጎ ውስጡን ማየት ጠቃሚ ነው፤ መሐሉ ሰማያዊ ግራጫ ከሆነ ቀለሙ ከላይ ብቻ የተቀባ ስለሆነ፣ ጠርዙ በተላጠ ጊዜ ያ ግራጫ መስመር ብቅ ይላል። እስከ ውስጥ ድረስ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ቆዳ ዋጋው ቢጨምርም ያዋጣል።

ረጅም ጠፍር ለማግኘት ቆዳውን በቀጥታ መሰንጠቅ ግዴታ አይደለም፤ ትንሽ ክብ ቁራጭ እየዞረ ሲቆረጥ ሰው ከሚገምተው በላይ ርዝመት ይሰጣል። ሒሳቡ ቀላል ነው። የክቡ ዲያሜትር በራሱ ይባዛል፣ ውጤቱ በ0.785 ይባዛል፣ ከዚያም ለጠፍሩ በታሰበው ወርድ ይካፈላል። ለምሳሌ ዲያሜትሩ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 200 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ በ4 ሚሊ ሜትር ወርድ ቢቆረጥ፣ 7,850 ሚሊ ሜትር ወይም 8 ሜትር ገደማ ይወጣዋል። መሐሉ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ያህሉ መዞሪያው ስለሚጠብ አይቆረጥም፤ ይህ የሚያጎድለው 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ወርዱ በ3 ፈንታ በ4 የታሰበው ጠፍሩ ሲሳብ ስለሚጠብ፣ ከዚያም ለማስተካከያ የሚቆረጥ ትርፍ ስለሚያስፈልግ ነው። የሚያስፈልገውን ርዝመት ለመገመት ደግሞ ጠርዙን እየዞረ የሚሄደው ተራ ስፌት የጠርዙን ርዝመት ሦስት ተኩል እጥፍ፣ ሁለት ጊዜ እየተቆለፈ የሚሄደው ጥልፍልፍ ስፌት ደግሞ ከሰባት እስከ ስምንት እጥፍ ያህል ጠፍር እንደሚበላ ማወቅ ይበቃል። የቦርሳው ክዳን ዙሪያ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ተራው ስፌት 2 ሜትር ከ10፣ ጥልፍልፉ እስከ 4 ሜትር ከ80 ይፈልጋል ማለት ነው። ዕቃው ወፍራም ሲሆን ቁጥሩ ከዚህም ያድጋል።

ክቡ በኮምፓስ ተሰምሮ በመቀስ ጠርዙ ያለ ጥርስ ለስልሶ ይወጣል፤ እዚህ ላይ የቀረች ትንሽ ጉብታ በየዙሩ እየተደጋገመች እስከ መጨረሻው ትከተላለች። መቁረጫው ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት በሚዘጋጅ ጠፍጣፋ ጉማጅ ላይ ይሠራል። አንድ የካተር ምላጭ ቀጥ ብሎ እንዲቆም በእንጨቱ ውስጥ ይተከላል፤ ከምላጩ ስለት 4 ሚሊ ሜትር ርቆ ጭንቅላቱ የተቆረጠ ምስማር ይመታል። የክቡ ጠርዝ በምስማሩና በምላጩ መካከል ይገባና መነሻው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል በእጅ ከተቆረጠ በኋላ፣ ቀኝ እጅ ጠፍሩን ወደ ራስ ይስባል፣ ግራ እጅ ክቡን እያዞረ ያቀብላል። ጠርዙ ምስማሩን ሳይለቅ፣ ሳይጨነቅም መሄድ አለበት። በመሐል ቆም ብሎ እንደገና መሳብ ደረጃ የመሰለ ምልክት ስለሚተው፣ አንድ ዙር ሳያልቅ ባያቋርጡት ይሻላል።

የወጣው ጠፍር የተጠማዘዘ ነው፤ አንዱ ቦታ ከጀርባው አቅጣጫ ጋር፣ ሌላው ከጎኑ ጋር ስለተቆረጠም እኩል አይለጠጥም። ይህን የሚያስተካክለው መሳብ ነው። በዕፅዋት የለፋ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ይቆይና፣ አንድ ጫፉ ከምስማር ታስሮ ክንድ ክንድ ያህል እየተያዘ ቀስ ብሎ ይሳባል። ከአሥር እጅ አንድ ያህል ቢረዝም የሚጠበቅ ነው። ደካማ ቦታ ካለ የሚበጠሰው እዚህ ነው፤ ይህም ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም፣ በተሰፋ ዕቃ ላይ ከሚበጠስ አሁን ቢበጠስ እጅግ ይሻላል። ከዚያ ሳይላላ በሁለት ምስማር መካከል ተወጥሮ ይደርቃል። በደሴ ከፍታ በሐምሌና በነሐሴ ማድረቁ ጊዜ ስለሚወስድ ጠፍሩ ውጥር እንዳለ ቢያድር ይመከራል፤ ኮምቦልቻ ግን ከደሴ ዝቅ ያለችና ሞቅ ያለች ስለሆነች በበጋ ጠፍሩ በሥራ መሐል ሳይቀር ይደርቃል፣ ስለዚህ ተራው ያልደረሰው እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቆያል። የደረቀው ጠፍር በዚያው መቁረጫ ላይ፣ ምስማሩ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ተጠግቶ፣ እንደገና ያልፋል፤ አሁን ወርዱ ትክክለኛ ይሆናል።

ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ጠርዙ አላላጥ፣ እንምጣ። በቀጥታ የተቆረጠ ጠፍር አራት ማዕዘን አለው። ሁለት እንዲህ ያሉ ጠፍሮች ጎን ለጎን ሲተኙ ወይም አንዱ በሌላው ላይ ሲሻገር ማዕዘኖቹ ይጋፋሉ፤ ስፌቱ ይጎረብጣል፣ በመሐሉም ክፍተት ይታያል፣ ከፍ ብሎ የቆመው ጠርዝም በመታሸት ቶሎ ይሸረፋል። ማዕዘኑ በግድም ሲላጥ ግን ጠፍሩ መሐሉ ሞላ፣ ዳሩ ዝቅ ያለ ሆኖ ከጎረቤቱ ጋር ይገጥማል። ብዙ ሰዎች ይህን ደረጃ ጊዜ ይወስዳል ብለው ያልፉታል፤ በእኔ አመለካከት ግን ተራውን ሥራ ከጥሩው የሚለየው ከሁሉም በላይ ይህ ነው።

የትኛው ማዕዘን እንደሚላጥ የሚወስነው የሥራው ዓይነት ነው። በጠርዝ ላይ ለሚዞር ስፌትና ለጥልፍልፉ የሚላጡት በሥጋ ወገን ያሉት ሁለቱ ማዕዘኖች ናቸው፤ የፊት ገጹ ሙሉ ወርዱን እንደያዘ ይቀራል፣ ከሥር ግን ለሚቀጥለው ስፌት ቦታ ይለቃል። ለክብ ጉንጉን፣ ለምሳሌ ለቦርሳ እጀታ ወይም ለጅራፍ፣ በአንዱ ዳር የላይኛው ማዕዘን፣ በሌላው ዳር ደግሞ የታችኛው ማዕዘን ይላጣል፤ በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ጠፍር በጎረቤቱ ላይ ጋደም ብሎ ስለሚያርፍ ጉንጉኑ ክብና ለስላሳ ይሆናል። የላይኛው ገጽ ሲላጥ ቀለሙ አብሮ እንደሚነሳ ግን አይዘነጋም።

የመላጫው ጉማጅ እንዲህ ይዘጋጃል። በጠንካራ እንጨት ላይ፣ ወርዱ ከጠፍሩ ወርድ ጋር የሚስማማ፣ ጥልቀቱ ከጠፍሩ ውፍረት ግማሽ ያህል የሆነ ቀጥ ያለ ቦይ ይቆፈራል። ጠፍሩ በቦዩ ውስጥ ሲተኛ የላይኛው ግማሹ ከእንጨቱ ገጽ በላይ ይቀራል። ምላጩ ከቦዩ በአንድ ወገን፣ 45 ዲግሪ ያህል ተጋድሞ፣ ስለቱ የጠፍሩን ማዕዘን ብቻ እንዲነካ ሆኖ ይተከላል። ከምላጩ ፊት ለፊት ጠፍሩን ወደ ታች የሚጫን ትንሽ እንጨት በምስማር ይያያዛል፤ በጣት መጫንም ይቻላል፣ ነገር ግን ጣት ወደ ስለቱ ስለሚጠጋ እንጨቱ ይሻላል። ጠፍሩ የሥጋ ወገኑ ወደ ላይ ሆኖ ይገባና ባልተቋረጠ ፍጥነት ይሳባል። አንዱ ዳር እንዳለቀ ምላጩን ማንቀሳቀስ ሳያስፈልግ፣ የሥጋ ወገኑ ወደ ላይ እንደሆነ፣ ጠፍሩ በሌላው ጫፉ በኩል ይገባል፤ ሁለተኛው ዳር በዚያው ምላጭ ሥር ይመጣል።

የሚነሳው መጠን ከውፍረቱ ሲሶ እስከ ግማሽ ቢሆን ልከኛ ነው። ከዚያ ካለፈ ጠርዙ እንደ ወረቀት ይሳሳና በየቀዳዳው ሲያልፍ ይቀደዳል። ሥራው በትክክል እየሄደ መሆኑን የሚናገረው የሚወጣው ፍቅፋቂ ነው፤ ሳይቆረጥ፣ እኩል ቅጥነት ይዞ እንደ ፀጉር ከወጣ ሁሉም ደህና ነው። እየተበጣጠሰ ከወጣ ምላጩ ደንዟል ወይም የጠፍሩ ውፍረት እኩል አይደለም። ውፍረቱ ከተለያየ፣ ከመላጡ በፊት የወፈረው ቦታ በሥጋ ወገኑ በኩል በተሳለ ቢላዋ መሳሳት አለበት። ምላጩም ገና ሳይደነዝዝ በጥሩ መሳያ ድንጋይ፣ ቀጥሎም በቆዳ ላይ እየተወለወለ መሳል ይገባዋል፤ በደነዘ ምላጭ የሚሳብ ጠፍር ጥቂት እየተለጠጠ ስለሚላጥ ወርዱ እንደገና ይዛባል።

የተላጠው ጠፍር ለስፌት እንዲንሸራተት ቅባት ያስፈልገዋል። የተፈገፈገ ሳሙና በሙቅ ውኃ ይሟሟል፣ የቀለጠ ሞራ ይጨመርበታል፣ እስኪረጋ ድረስም ይማሰላል፤ ይህ ቅባት በጨርቅ በጣም ስስ ተደርጎ ይቀባል። የንብ ሰም ብቻውን የሚጠቀሙም አሉ፤ ሰም ጠፍሩን ጠንከር ስለሚያደርገው ለቀበቶ ይስማማል፣ ለጉንጉን ግን ሞራው ይሻላል።

ጫፉ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል እየሾለ ተቆርጦ በማስቲሽ ይጠነክራል፤ ሲደርቅ እንደ መርፌ ያገለግላል። በአንድ ጊዜ ከ1 ሜትር ተኩል የበለጠ ጠፍር ይዞ መስፋት አይመከርም፣ በየቀዳዳው ባለፈ ቁጥር ገጹ ስለሚታሽ። ሲያልቅ የሚቀጠለው የአንዱ ጫፍ በሥጋ ወገን፣ የሌላው በፊት ገጽ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል በግድም ሳስቶ፣ ማስቲሽ ተቀብቶ፣ ሲይዝ ተደራርቦ በመዶሻ መታ መታ በማድረግ ነው፤ መጋጠሚያው ከቀሪው ጠፍር የወፈረ መሆን የለበትም። ቀዳዳዎቹ በወስፌ ከጠርዙ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ገባ ብለው፣ በመካከላቸው 5 ሚሊ ሜትር ያህል እየተተወ አስቀድመው ተሰምረው ይበሳሉ። በሚሰፋበት ጊዜ የፊት ገጹ ሁልጊዜ ወደ ላይ መሆኑ በየስፌቱ ይረጋገጣል፤ አንድ ጊዜ የተጠማዘዘ ጠፍር የተላጠውን ወገን ያሳያል። መጨረሻው ጫፍ በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ሦስት ወይም አራት ስፌት ያህል ተመልሶ ይገባና በማስቲሽ ይያዛል፤ ከዚያም ስፌቱ በሙሉ ፊቱ ለስላሳ በሆነ የእንጨት መዶሻ ቀለል ተደርጎ ይመታል፣ የተላጡት ጠርዞችም በየቦታቸው ይተኛሉ።