ያገለገለ የኤቲቪ (ባለ አራት ጎማ ሞተርሳይክል) ሞተር ስትፈቱ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

«ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ፒስተን ብቻ ነው የሚፈልገው» ብሎ የሸጠላችሁን ሰው አትመኑት። ውሸታም ስለሆነ አይደለም። እሱም ከሌላ ሰው የገዛው ነው፤ ውስጡን አያውቀውም። ያገለገለ ባለ ሁለት ምት ሞተር (ፒስተኑ ወጥቶ በወረደ ቁጥር ነዳጅ የሚያቃጥል) ብዙ ጊዜ ከሁለት ከሦስት ሞተር የተለቃቀመ ነው።

በማሽኑ ስም ብቻ ዕቃ ማዘዝ የሚያስከፍለውም ለዚህ ነው። ያማሃ ብላስተር ከፋብሪካ ሲወጣ የሲሊንደሩ ስፋት 66 ሚሊሜትር ነው። እናንተ እጅ እስኪገባ ስንቴ ተፍቆ እንደሰፋ ማን ያውቃል? የአሮጌውን ፒስተን አናት ከካርቦኑ አጽዱና አንብቡ። 50 የሚል ካለበት ብዙውን ጊዜ በግማሽ ሚሊሜትር የሰፋ ነው። እሱንም አትመኑ፤ ሲሊንደሩን ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ለኩ። ሆንዳ ቲአርኤክስ 250 አር ከሆነ ደግሞ የ1986ቱ ቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ) ከኋለኞቹ ያጥራል። የሞተር ቁጥሩ ዓመቱን ነገረኝ ብላችሁም አትዘናጉ። ቁጥሩ የተመታው ኮሎውን (ፒስተኑ የሚያዞረውን ዘንግ) በሚይዘው ታችኛው አካል ላይ ነው፤ ኮሎውና ሲሊንደሩ ከሌላ ቤት መጥተው ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። አሮጌውን ፒስተን አውጥቶ ቆሻሻ ውስጥ መወርወር! ሰውዬው ለምን እንደሞተ ሳይጠይቁ መቅበር ማለት ነው። ፒስተኑ እኮ ይናገራል። ዙሪያውን አራት ቦታ ላይ ከተፋፋቀ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ጋዝ ተረግጦበታል። የመግቢያው በኩል ደብዝዞ ካለቀ፣ አየር ማጣሪያው አቧራ ያሳልፋል። የጭስ መውጫው በኩል ነክሶ (ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ተቧጭሮ) ጠርዙ ከቀለጠ ደግሞ ድብልቁ ሳስቷል፤ ነዳጁ አንሶ አየሩ በዝቷል ማለት ነው። ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ በሚሞላበት ሞተር ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ቤንዚን ሲያንስ ዘይትም ያንሳል፣ ሙቀትም ይጨምራል።

እኔም ወርውሬያለሁ። የመጀመሪያ ሞተሬን አዲስ ፒስተን፣ አዲስ ፋሻ (የፒስተኑ ዙሪያ ቀለበት)፣ አዲስ ጓርኒሲዮን (በሁለት ክፍሎች መሃል የሚገባ ማሸጊያ) አግብቼለት በኩራት አስነሳሁት። ሃያ ደቂቃ ሠራ። ከዚያ ጥርቅም! ፈትቼ ሳየው የተነከሰው የጭስ መውጫው በኩል ነው። አሮጌውን ከቆሻሻው መሃል ፈልጌ አወጣሁትና ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ጠባሳቸው አንድ ዓይነት፣ ቦታውም አንድ። ጥፋቱ ከማግኔቱ (ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው) ጀርባ ያለችው የኮሎ ፓራኦሊ፣ ማለትም የዘንጉ የጎማ ማሸጊያ ነበረች። ደርቃ አየር ትስባለች። እኔ ደግሞ ከላይ ያለውን ብቻ አሳምሬ ከታች ያለችውን እንዳለች ትቻታለሁ።

ስለዚህ ሞተሩን ሳታስነሱ አየር ሙሉበት። መግቢያውንና መውጫውን ድፈኑ፣ እስከ 6 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ንፉበት፣ 6 ደቂቃ ጠብቁ። ግፊቱ ከወረደ የሳሙና ውኃ ቀቡና አረፋ የሚሠራበትን ፈልጉ። ጊዜ የለኝም የሚል ሰው ሁለተኛ ፒስተን ለመግዛት ግን ጊዜ አያጣም።

ታችኛውን አካል በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ፈልቅቆ መክፈትም ለዚሁ በሽታ ይዳርጋል። የተቧጨረ ገጽ አየር ያስገባል።

ኮሎውን በመዶሻ አትምቱ። በቃ።

ሲሊንደር አስፍታችሁ ስትመለሱ ነዳጅና ጭስ የሚያልፉባቸውን የግድግዳውን ቀዳዳዎች ጠርዝ በጣት ዳብሱ። ስለት ከሆነ ፋሻውን ይይዘዋል፤ ጠርዙ መለስለስ አለበት። ፋሻው የሚገናኝበት አፍም ፒስተኑ ላይ ካለችው ትንሽ ፒን ጋር መግጠም አለበት። ፒስተኑ አናት ላይ ያለው ቀስት ወደ ጭስ መውጫው ያያል።

ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ «ዘይት ሞልቻለሁ፣ ለምን ነከሰ?» የሞላኸው የካምቢዮውን (የማርሹን) ነው ወንድሜ! እሱ ፒስተን ጋ አይደርስም። አምራቹ 32 ለ 1 ካለ፣ ለ5 ሊትር ቤንዚን 156 ሚሊሊትር ገደማ የሁለት ምት ዘይት ትቀላቅላላችሁ። በግምት ጠብ ማድረግ አይሠራም።

የፒስተን ፒኑን የሚይዙትን ቀጫጭን ቀለበቶች ሁልጊዜ በአዲስ ተኩ። ስታስገቡም ታች ያለውን ክፍት ቦታ በንጹህ ጨርቅ ድፈኑት። እኔ ሳልደፍን አንዷ ከፒንሳው አምልጣ ተፈናጠረች። ኮሎው ጋ ገብታለች ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ሞተር ፈታሁ። የተገኘችው የቱታዬ እጅጌ እጥፋት ውስጥ ነው።