ጠጥቶ የሚጠወልግ ጎመን፦ የጓሮ አፈራችሁ ስንት ውሃ ይይዛል?

አቃቂ በኩል ጓሮ ያለው ሰውና የእንጦጦ ተዳፋት ላይ ጓሮ ያለው ሰው እኩል ዝናብ ያገኛሉ እንበል። በማግስቱ አንዱ ቦቲ ጫማ ፍለጋ ይገባል፣ ሌላው ዶማውን ይዞ ይወጣል። ልዩነቱ አፈሩ ነው። አፈሩ ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ ደግሞ ከቅንጣቱ መጠን፣ ከክብደቱና ካለው ብስባሽ ተነስቶ መገመት ይቻላል። ጎረቤቶቼ ደጋግመው ከሚያነሷቸው ችግሮች ልጀምር።

ችግር፦ ጠዋት ይጠጣል፣ ከሰዓት ይጠወልጋል

አዲስ በተሠራ ግቢ ውስጥ በብዛት ያጋጥማል። የግንባታ አሸዋ፣ ሬድ አሽና ሙሌት ተደልድሎ ላዩ ላይ ትንሽ አፈር ተበትኗል። እፍኝ አርጥባችሁ በጣታችሁ እሹት። ከሻከረና አልጠቀለል ካለ አሸዋ ይበዛዋል። በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ውሃው ሳይቆይ ወደ ታች ይወርዳል።

እንዲህ ያለ አፈር በ30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ለተክል የሚሆን 20 ሚሊሜትር ያህል ውሃ ቢይዝ ነው። ግማሹ ሲያልቅ ተክሉ መቸገር ይጀምራል። በበጋ ፀሐይ አንድ መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ስለሚጨርስ፣ ያ ግማሽ ሁለት ቀን ነው የሚያቆየው። አንድ ሚሊሜትር በካሬ ሜትር አንድ ሊትር ስለሆነ፣ ለ10 ካሬ መደብ በየሁለት ቀኑ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። አሥር ብታፈሱ ትርፉ ከሥሩ በታች ያልፋል። ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ አጠጡ፣ የበሰበሰ ፍግ ጨምሩ፣ ጭድ ጎዝጉዙበት።

ችግር፦ አፈሩ እርጥብ ነው፣ ተክሉ ግን ጠውልጓል

ይሄ የዋልካ፣ ማለትም የጥቁሩ ሸክላ አፈር ጣጣ ነው። የሸክላ ቅንጣት ከ0.002 ሚሊሜትር ያንሳል። ቅንጣቱ ሲደቅ ውሃ የሚጣበቅበት ገጽ ይበዛል፣ ውሃውም ጠብቆ ይያዛል። አብዛኛው ሰብል ከ15 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) በላይ በሆነ ኃይል የተያዘ ውሃ ስቦ ማውጣት አይችልም። አሸዋ እዚያ ነጥብ ላይ ሲደርስ ከመጠኑ 5 በመቶ ገደማ ውሃ ነው የሚቀረው። ሸክላ ግን 25 በመቶ ገደማ ውሃ እንደያዘ ተክሉ ይደርቃል። ስለዚህ «ነክቼዋለሁ፣ እርጥብ ነው» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ክረምት ላይ ችግሩ ይገለበጣል። ክፍተቱ ሁሉ ውሃ ሞልቶ ሥሩ አየር ያጣል፣ ቅጠሉም ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት 20 ሴንቲሜትር ቆፍሩና አፈሩን ጭመቁት። ውሃ ካንጠባጠበ ወይም ከሸተተ ችግሩ አየር ነው። ከጠጠረና መሬቱ ከተሰነጠቀ ውሃው ተቆልፏል።

አየር ላጣው ከፍ ያለ መደብና ቦይ ሥሩለት። ለጥቁር አፈር እርሻ የተለመደው 80 ሴንቲሜትር መደብና 40 ሴንቲሜትር ቦይ ነው፤ ለጓሮም ይሠራል። ለደረቀው ደግሞ ስንጥቁ ሳይሰፋ አጠጡ። ከሰፋ በኋላ የምታፈሱት ውሃ በስንጥቁ ቁልቁል ይሄዳል።

«ዋልካ ላይ አሸዋ ጨምርበት» የሚል ምክር ከሰማችሁ እለፉት። እኔ ሰምቼ አንድ ጋሪ አሸዋ ቀላቀልኩ። ያገኘሁት ለግንብ የሚሆን ነገር ነው። ለውጥ እንዲያመጣ ግማሹን መሬት አሸዋ ማድረግ ያስፈልጋል። ኮምፖስት ይሻላል፣ ይረክሳልም።

ችግር፦ ግምቱ ከጓሮው ጋር አልገጠመም

አንዳንዶች አፈሩን በጠርሙስ ውሃና በጠብታ ሳሙና በጥብጠው ያስቀምጣሉ። አሸዋው በደቂቃ ይዘቅጣል፣ ሸክላው አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል። የእያንዳንዱን ደለል ከፍታ ለክተው፣ መቶኛውን አፈሩ ስንት ውሃ እንደሚይዝ የሚገምት ሰንጠረዥ ውስጥ ይከታሉ። ዘዴው ጥሩ ነው፣ ግን በእኛ አካባቢ በሁለት ቦታ ያሳስታል። ቀዩ አፈር ሸክላው ብዙ ቢሆንም ውስጡ ያለው ብረት ቅንጣቶቹን አያይዞ ትናንሽ እንክብል ስለሚያደርጋቸው ከተገመተው በላይ ውሃ ያሳልፋል። ጥቁሩ ደግሞ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ክብደቱም ክፍተቱም አብረው ይለዋወጣሉ።

መፍትሄው መመዘን ነው። መደቡን እስኪጠግብ አጠጡና ሸፍናችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ። ባዶ ቆርቆሮ ገልብጣችሁ ወደ አፈሩ አስገቡ፣ ሞልቶ ሲወጣ አፉን አስተካክሉ። የሰፈሩን ሱቅ ሚዛን ተውሳችሁ አፈሩን መዝኑ። ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም በቀስታ እሳት ምጣድ ላይ አድርቁትና እንደገና መዝኑ።

ቆርቆሮው 400 ሚሊሊትር የሚይዝ፣ እርጥቡ 640 ግራም፣ ደረቁ 480 ግራም ነው እንበል። የጠፋው 160 ግራም ውሃ ነው፤ ከቆርቆሮው 40 በመቶ። ተክሉ የማይነካው 25 በመቶ ሲቀነስ 15 ይቀራል። በ30 ሴንቲሜትር 45 ሚሊሜትር፣ ግማሹ 22 ገደማ፣ ወደ አምስት ቀን ማለት ነው። ለዚያው 10 ካሬ መደብ 11 ጀሪካን።

ችግር፦ ውሃው ሳይሰርግ ላይ ላዩን ይሄዳል

ያንኑ ቆርቆሮ ተጠቀሙ። የደረቁ ክብደት 480 ለቆርቆሮው 400 ሲካፈል 1.2 ይመጣል፤ አፈሩ ምን ያህል እንደታመቀ የሚያሳይ ቁጥር ነው፣ ይሄኛው ደህና ነው። ሸክላ አፈር ላይ ከ1.4 ካለፈ ሲኖትራክ የተመላለሰበት ወይም ድንጋይ ተከምሮበት የነበረ ቦታ ሊሆን ይችላል። በዶማ ጥልቅ አድርጋችሁ ፈልፍሉት፣ ፍግ ቅበሩበት። ግን ከዝናብ በኋላ ወዲያው አትግቡ። እፍኙን ስታድበለብሉት ካልፈረሰ ገና ነው። በጣት ሲነካ ሲፈረፈር ዶማውን አንሱ።